የክት መኪና፣ የዘወትር መኪና

የጋራዡን በር የነቀሉት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት ቆርቆሮና ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው በሩን ከማጠፊያው አላቀቁና አጋድመው ወሰዱት። እኔ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ደርድሬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መካኒክ አይደለሁም።

አሁን የምሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች በሚገጣጠሙበት ቦታ ነው። መኪናዋ ላይ ኮምፒውተር እሰካለሁ፤ ኮምፒውተሩ የጎደላትን ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ለሌላ ሰው እነግራለሁ። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ደመወዙም አይከፋም። ቤቴ ስገባ እጄን እንደማንኛውም ሰው በሳሙና ታጥቤ ለእራት እቀርባለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው የሥራ ዘመን ትዝታ ሊጽፍ ምን አስቸኮለው የሚለኝ ይኖራል። አልከራከረውም። ግን እኔ ሳላረጅ ሥራዬ ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቷል፤ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አምስት ኪሎ፣ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ በመጠገን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። መካኒክነትን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ የመኪና ማኑዋል ስልኬ ላይ እያወረድኩ፣ የማላውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ አነብ ነበር። ጎማ ስጠግንም ቀዳዳውን በጠመኔ ከብቤ፣ ዙሪያውን እኩል እስኪሆን ፍቄ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጠብቄ ነው የምለጥፈው። አለቃዬ ወገቡን ይዞ ያየኝና፣

“ያሬዶ፣ ጎማ ነው የምትለጥፈው ወይስ ቀዶ ጥገና ላይ ነህ? ሰውዬው እኮ ሊሄድ ነው የመጣው፣ ሊተኛ አይደለም!” ይለኛል።

ከእሱ ወጥቼ ወለሉ በሸክላ የተነጠፈ ትልቅ ጋራዥ ገባሁ። ክፍያው ይሻል ነበር። እዚያ ግን የተበላሸውን አውጥቶ አዲስ መግጠም እንጂ ለምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ አልተለመደም። አንድ ቀን የወለቀ ዕቃ ፈታትቼ ውስጡን ስመለከት አለቃው ደረሰብኝና፣ “ሬሳ መርማሪ አልቀጠርኩም” አለኝ። ብዙ ሳልቆይ ለቀቅሁ።

ጋሽ ሽኩርን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጋራዣቸው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነበር። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ጣሊያን ዘንድ ይሠራ ከነበረ ሰው ሙያውን የወረሱ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞላ ይላሉ፤ እኔ በማኑዋሉ እንግሊዝኛ እጠራለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ስለ አንድ ዕቃ እየተነጋገርን ስለ ሁለት ዕቃ የምንጨቃጨቅ እንመስል ነበር።

ብሎን በቁልፍ አይጀምሩም። በጣታቸው ይይዙትና በመጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደሚፈታበት በኩል ትንሽ ያዞሩታል። ጥርስ ከጥርስ ሲገጣጠም ጣት ላይ የምትሰማ ትንሽ ጠብ የምትል ነገር አለች። እሷን ሲያገኙ ብቻ ወደ ፊት ያዞራሉ። “ጣት ያላስገባውን ብሎን ቁልፍ ያስገባዋል፤ ግን በግድ ነው። በግድ የገባ ደግሞ ሲወጣ ይጣላል” ይሉ ነበር። እስካሁን የውኃ ጠርሙስ ክዳን እንኳ መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የማዞረው።

ሌላው ልማዳቸው መኪና ሲፈትሹ መሪ አለመያዛቸው ነው። ባለቤቱን ያስነዱታል፤ እሳቸው ከጎኑ ወይም ከኋላ ይቀመጣሉ። “መኪና ሾፌሯን ትዋሻለች። እጁ ሳያውቀው ጥፋቷን ያርምላታል። ተሳፋሪን ግን የምትዋሽበት መንገድ የላትም” ይላሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ፍሬን ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ ሚኒባስ ታክሲ መጣልን። እኔ የፊት ዲስኩን ለካሁ፣ ጎማውን አስመዘንኩ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ምንም አላገኘሁም። ጋሽ ሽኩር ከኋላ መቀመጫ ላይ፣ ከጎማው በላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ምኒልክ አደባባይን ዞሮ ሲመለስ ድንገት፣

“ወራጅ አለ!” አሉ።

ሾፌሩ በልማድ ጥግ ይዞ ቆመ። ወረዱና የኋላውን የግራ ጎማ በጫማቸው ጫፍ መታ አደረጉት። “እዚህ ነው የምወርደው” አሉ። የኋላው የፍሬን ታምቡር ሞላላ ሆኖ ተገኘ። እኔ ሾፌሩ ‘ከፊት ነው’ ሲል ሰምቼ ፊት ፊቱን ነበር የምፈልገው።

ሶስና የመጣችው ጋሽ ሽኩር ዘንድ ጥቂት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ማውለቁን ረስታው እንደሆነ ያስታውቃል። ፒያሳ ልብስ ሰፊ ናት። ባለቤቷ ኤፍሬም ተጋጭተው የቆሙ መኪኖችን እየገዛ፣ እያሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። በሕመም ነው የሞተው፤ አርባው ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሊሸጣቸው ያልጨከነባቸው ሁለት ስፖርት መኪኖች ግቢዋ ውስጥ ቆመዋል፤ አንዷ የጀርመን፣ አንዷ የጃፓን።

“እርስዎ መንጃ ፈቃድ አለዎት?” አልኳት።

“አንቺ በለኝ፤ ጥቁሩ ነው ያስረጀኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ። ኤፍሬም ነው ያስተማረኝ።”

“ታዲያ ሁለቱንም ሸጠሽ አንድ ትንሽ የቤት መኪና…” ብዬ ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

“ሽጪ የሚለኝ ሞልቷል፤ ወንድሞቹ በየቀኑ ይሉኛል። እኔ የመጣሁት ሌላ ነገር ልጠይቅ ነው። ሰው ሁለት ልብስ ካለው አንዱ የክት ነው፣ አንዱ የዘወትር። የትኛዋ የክት ትሁን? የትኛዋን ለዘወትር ልንዳ?”

ላሜራ ሠራተኛችን ቢኒ ከመኪና ሥር ጭንቅላቱን አወጣ። “እመቤቴ፣ አንዷን ለእኔ፣ አንዷን ለያሬድ። አንቺ በታክሲ። አለቀ!”

ሶስና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በሳቋ የደነገጠች ይመስል አፏን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ሽኩር ወንበር ሰጧትና፣ “ልጄ፣ ለምንድን ነው የማትሸጫቸው?” አሏት።

“ሊያ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ገና ትምህርት መጀመሯ ነው። አባቷ ሲመጣ የጀርመኗን ድምፅ ከሩቅ ታውቀው ነበር። እኛ ሳንሰማ እሷ በር ላይ ናት። ፎቶ አለኝ፣ ልብሱም አለ። የእሱ ሆኖ አሁንም ድምፅ ያለው ነገር ግን ያቺ መኪና ብቻ ናት። ሊያ አድጋ ራሷ ሽጪያት እስክትለኝ ድረስ እንድትቆይላት እፈልጋለሁ።”

“እንግዲያው ቀንሽን ንገሪኝ” አሏት ጋሽ ሽኩር።

ነገረችን። ጠዋት ከአምስት ኪሎ ጀርባ ካለው ቤቷ ትወጣለች፤ በሩ ላይ ጥልቅ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ሊያን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ፒያሳ ሱቋን ትከፍታለች፤ አንዳንዴ መርካቶ ወርዳ ጣቃ ጨርቅ ትጭናለች፤ ማታ ልጇን ይዛ ትመለሳለች። ይህንኑ መንገድ አንድ ቀን በጀርመኗ፣ አንድ ቀን በጃፓኗ ሄድነው። ሶስና ትነዳለች፣ ጋሽ ሽኩር ከጎኗ፣ እኔና ሊያ ከኋላ ተጣጥፈን።

ጀርመኗ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቱርቦ የላትም፤ የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ስለሚል ዳገት ላይ ትንሽ ይደክማታል። ማርሿ በእጅ ነው፤ ፍሪሲዮኗ ጠጣር ስለሆነ ቸርችልን ወደ ላይ ስንወጣ፣ መኪናው ሁሉ ቆም ሄድ ሲል የሶስና ግራ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር። የበሩ ቦይ ላይ አፍንጫዋ ይፋቃል። ግን ጠባብ ናት፤ ከፊት ጎማዎቿ በላይ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ከመቀመጫ ስለሚታዩ ሾፌር ጎማዋ የት እንዳለ ያውቃል። መሪዋ የአስፋልቱን ስንጥቅ ሳይቀር ለእጅ ይናገራል። ሊያ ጀርባዋን ሞተሩ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ድምፁን እየተከተለች ታንጎራጉር ነበር።

ጃፓኗ ሁለት ቱርቦ አላት፤ አየር ሳሳ አልሳሳ አይገዳትም። አውቶማቲክ ስለሆነች እግር ታሳርፋለች። በዝናብ አራቱም ጎማ መሬቱን ይይዛል። ሦስት ጣቃ ጨርቅ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ገባ። ጉድለቷ ስፋቷ ነው፤ በሮቿ ረጃጅም ስለሆኑ ፒያሳ ጠባብ ቦታ ላይ ካቆሟት በሩ ሳይከፈት ይቀራል። በዝግታ ስትሄድም ትጓተታለች። ግን ቦዩን ቀስ ብላ በአግድም ስትወርድ አልተፋቀችም።

ሁሉንም ተነጋገርን። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ሐሳባችንም ልባችንም የተስማማበት መልስ ነው። ጃፓኗ የዘወትር፣ ጀርመኗ የክት። ውዱን ነገር የሚያከብር ሰው ይከተዋል እንጂ አይለብሰውም። ጋሽ ሽኩር ከመለያየታችን በፊት፣ “በሳምንት በሳምንት አስነሺያት፤ እንዳትረሺ” አሏት።

“አልረሳም” አለች። አልረሳችምም። ዘይት ለማስቀየር በጃፓኗ በመጣች ቁጥር፣ “ያቺስ?” እንላታለን። “እሑድ እሑድ አስነሳታለሁ” ትለናለች። “ጎበዝ!” እንላታለን።

ቀጥሎ ያለውን እኔ አላየሁም፤ ጋሽ ሽኩርና ሶስና እየተቀባበሉ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። የኤፍሬም ሙት ዓመት ደረሰ። የክት የሚወጣው ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና ሶስና ጀርመኗን አውጥታ ከልጇ ጋር ጊዮርጊስ አስቀድሳ፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ለዝክሩ ጋሽ ሽኩርን ከጋራዡ በር ላይ አሳፈረቻቸው። ያካፋ ነበር። ገና ጥቂት እንደሄዱ ፍሬን ስትይዝ፣

“ልጄ፣ ዝግ በይ። ወደ ግራ እየጎተተችሽ ነው” አሏት።

“እኔ አልተሰማኝም ጋሼ።”

“እጅሽ እያረመላት ነው። ጥግ ያዢና አቁሚ።”

ጥግ የምትይዝበትን ቦታ ስትፈልግ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ደርሰዋል። ከፊታቸው የነበረ ታክሲ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ። ሶስና ፍሬኑን በሙሉ እግሯ ረገጠች። የግራው ጎማ ያዘ፤ የቀኙ አልያዘም። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግራ አዙራ በቀኝ ጎኗ ታክሲው ላይ አረፈች፤ በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የጋሽ ሽኩርን ጉልበት ሰበረው። ሊያ አንድም ቦታ አልቆሰለችም። ግን አላለቀሰችም፤ እናቷ አቅፋ ስታወጣት ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ነበር።

መኪናዋን ጎትተን አስገባናት። ፈታኋት። የቀኝ የፊት ፍሬን ፒስቶን ዝጎ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል። የሞተር ዘይት መክደኛውን ስከፍተው ውስጡ ወተት የመሰለ ነገር ለብሷል፤ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ የሚቀር እርጥበት ነው። ከዓመት በፊት፣ ሳትከተት፣ እያንዳንዱን ክፍል በእጄ ፈትሻለሁ፤ ደህና ነበረች። ሶስናን ጠየቅኋት።

“በየሳምንቱ አልነዳሻትም እንዴ?”

“ንጃት መቼ አላችሁኝ? አስነሺያት ነው ያላችሁኝ። እሑድ እሑድ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ሊያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ድምፁን ትሰማለች፤ አጠፋታለሁ። ከዚያ አጥቤ እሸፍናታለሁ።”

“አጥበሽ? ሳይደርቅ?”

“አቧራ እንዳይበላት ብዬ ነዋ።”

እርጥብ ብረት ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ በሸራ ስትሸፍን ነበር፤ በፍቅር። እንዴት ብዬ ልንገራት? ግን ፊቴን አይታ ገባት፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

ጋሽ ሽኩር እግራቸው በጄሶ ታስሮ ተኝተው ነበር። ያየሁትን በሙሉ ነገርኳቸው።

“ለጋራዥ ሰው ማስነሳት ማለት ይዞ መውጣት ነው” አሉ። “ለሌላው ሰው ቁልፍ ማዞር ነው። እሷ ያልኳትን አድርጋለች። እኔ ነኝ ለልብስ ሰፊ በጋራዥ ቋንቋ የነገርኳት።” ጄሶውን ኳ ኳ አደረጉት። “አየህ፣ ሰውም ሲከተት ይዝጋል። ይሄ ሲፈታ አሞርዛተር ቀይሩልኝ።”

ሳቅ አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ መራመድ ጀመሩ፤ መኪና ሥር መንበርከክ ግን አልቻሉም።

የከፋው የሊያ ነገር ነው። የማንኛውም መኪና ሞተር ሲነሳ ጆሮዋን ትይዛለች። ጀርመኗ ያለችበት ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። ከአክስቷ ጋር በታክሲ፣ ያውም ከኋላ ወንበር፣ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ሶስና ለልጇ ልታቆይላት የፈለገችው ድምፅ የፍርሃት ድምፅ ሆነ። የኤፍሬም ወንድሞች ገዢ ይዘው መጡ።

“ልሽጣት” አለችን አንድ ቀን ጋራዡ መጥታ። “እውነታቸውን ነው።”

ጋሽ ሽኩር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተቀመጡ። “ሽጪም አትሽጪም አልልሽም። ግን ያኔ ስናወዳድራቸው አንድ ነገር ስተናል። ቀንሽን የምትችለው የትኛዋ ናት ብለን ጠየቅን እንጂ መቆምን የምትችለው የትኛዋ ናት አላልንም። ብንል ኖሮ መልሱ ሁለቱም አይችሉም ነበር። ልብስ ብል ካላገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ አያረጅም። መኪና ግን የክት የሚባል የላትም። ሁለት መኪና ለአንድ ሾፌር ማለት አንዷን ማሰር ነው።”

ሶስና የጃፓኗን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች።

“እንግዲያው ጃፓኗን ሽጡልኝ።”

ቢኒ መዶሻውን አስቀመጠ። “ኧረ እመቤቴ! ምቹዋ እኮ እሷ ናት!”

“ምቹ መኪና ሊያ የትም ታገኛለች።”

“ፍሪሲዮኑስ? እግርሽን…”

“የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይለምዳል።”

በሙያዬ ውስጥ እንደዚያች መኪና የተጠነቀቅሁላት የለችም። ሰፈሩ ሊፈርስ ምልክት ተደርጎበት፣ ጎረቤት ዕቃውን እየጫነ ነበር። ከአጠገባችን ግድግዳ ሲወድቅ አቧራው እንዳይገባባት የተከፈተውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ እያሰርኩ ነው የሠራሁት። የፍሬን ቱቦ፣ ፒስቶን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ሁሉም ተቀየረ። ረገጥ ሲያደርጉት የሚለዝብ ፍሪሲዮን ገጠምኩ። ሞላዎቹን በጥቂቱ ከፍ ባሉ ለወጥኩ፤ ብዙ ከፍ ካለች መሪዋ መናገሩን ያቆማል። የቀረውን ቢኒ የሶስና ቤት በር ላይ ባለው ቦይ የሚጋደም ብረት በይዶ ጨረሰው። ጋሽ ሽኩር ወንበር ላይ ሆነው እያንዳንዱን ብሎን ስጀምር ጣቴን ያያሉ። የሚያርሙት አላገኙም።

ሶስና ብቻዋን መንዳት ጀመረች፤ በየቀኑ። መርካቶ ጨርቅ ስትጭን ጣቃውን የፊት ወንበር ላይ አቁማ ቀበቶ ታስርለታለች። ሊያ በመስኮት ታያታለች እንጂ አትጠጋም። ሶስናም ነይ ብላ አልለመነቻትም። “ትየኝ። መኪናዋ ስትወጣና ስትገባ፣ እኔም በውስጧ ደህና ሆኜ ስወርድ ትየኝ” ትለን ነበር። ይህ ወራት ፈጀ። በመካከሉ ጋሽ ሽኩር ጋራዡን ለመዝጋት ወሰኑ፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመጀመር አቅሙም ጉልበቱም አልነበራቸውም፤ እኔም ብቻዬን ልቀጥል አልፈለግሁም።

በሩ ሊነቀል ጥቂት ቀን ሲቀር ሶስና ዘይት ለማስቀየር መጣች። እየዞርኩ ሳያት በቀኝ በኩል፣ ወደ ኋላ ወንበር በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙን እስከ ነጩ ያስለቀቀ ረጅም ጭረት አየሁ። ቢኒ ያን ጎን ቀጥ ለማድረግ ስንት ለፍቶበታል።

“ይቺን ማን ቧጨራት?”

“ሊያ ናታ። በቦርሳዋ ዘለበት።”

ጨርቁን አስቀመጥኩ። “ገባች?”

“ረፍዶባት ነበር። ዝናብ ነው፣ የታክሲው ሰልፍ እስከ ታች ደርሷል። ‘እማ፣ መምህሯ በር ትዘጋብኛለች፣ ቶሎ በይ’ አለችኝ። ወንበሩን አጠፍኩላት፤ ቦርሳዋን እየጎተተች ገባች።”

“ጆሮዋንስ?”

“በምን እጇ ትያዘው? መንገዱን ሙሉ የቤት ሥራዋን ትጨርስ ነበር።”

ጭረቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ጥልቅ አልነበረም፤ የተረፈ ቀለምም ነበረን።

“ላጥፋልሽ? ብዙ አልቆይም።”

ሶስና ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፤ የስፌት መስመር እንደምትፈትሽ።

“ተወው” አለችኝ። “ነገም ትቧጭረዋለች።”